«የዘይት ፍሬን ካልሆነ ተዉት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋና በሐረር ብስክሌተኞች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። መልእክቱ አጭር ነው፦ «የካርቦን ሳይክል የምትገጣጥሙ ከሆነ የዘይት ፍሬን ግጠሙ፣ ካልሆነ ተዉት።» ለኔም ብዙ ሰው «ምን ትላለህ?» እያለ ልኮልኛል። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ለሳይክል ያላቸው ፍቅርም ያስታውቃል። ነገር ግን በትንሽ ገንዘብ፣ ዕቃ በዕቃ እየለቀመ ሳይክል የሚገጣጥም የሰፈራችን ልጅ ይህን አምኖ ቢሄድ ይጎዳል። ከምክሮቹ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ፍሬን የሚያሳጣ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ የተባለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው በሽቦ ገመድ የሚሳበው የካቦ ዲስክ ፍሬን አይዝም፣ ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ሞት ነው ይላሉ። የዘይት ፍሬን ግን አንዴ ከተገጠመ የሚነካ ነገር የለውም፣ ገጥሞ መርሳት ነው ይላሉ። ዘይቱ ቢጎድልም አያሳስብም፣ የመኪና ፍሬን ዘይት በየመለዋወጫ ሱቁ ሞልቷል ባይ ናቸው። ዲስክ ከጮኸና ከታከከ ጥፋቱ የርካሽ ካሊፐር (ዲስኩን በሸራ የሚጨብጠው ዕቃ) ስለሆነ መፍትሔው ውዱን መግዛት ነው። ፍሬም ሲመረጥ ካቦና ቱቦው ሁሉ ከመሪው ጀምሮ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍበት ይሁን፤ ያምራል፣ ሥራውም አይለይም። የፊቱ ዲስክ 180 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ትልቅ ሁልጊዜ ይሻላልና። ለዚህ ሁሉ ማስረጃቸው የዓለም ፕሮፌሽናሎች የሚነዱት የዘይት ዲስክ መሆኑ ነው።

የምንግባባበት ነገር አለ። ካርቦን ቸርኬ ላይ የቸርኬ ፍሬን አትግጠሙ ማለታቸው ልክ ነው። የፍሬኑ ሸራ ቸርኬውን ሲያሽ የሚፈጠረው ሙቀት የካርቦኑን ክር የያዘውን ሙጫ ያለሰልሳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ርካሽ የካርቦን ቸርኬ ሊያብጥ፣ ከለመዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ዲስክ ሙቀቱን ከቸርኬው ያርቀዋል። በዝናብም ዲስክ ይሻላል። የዘይት ፍሬን ጣት አያደክምም፣ ኃይሉን ለመመጠን ይመቻል፣ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ፒስቶኑ ራሱ እየተጠጋ ያካክሳል ያሉትም እውነት ነው። ይህን አልክድም። እኔ የምለው ድሬዳዋ ወይም ሐረር ተቀምጦ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ ከቻይና በመጣ የካርቦን ፍሬም ላይ ፍሬን የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ሲበላሽ እዚህ በምን ይጠገናል?» ብሎ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ይህ ጥያቄ አንድም ቦታ አልተነሣም።

የፕሮፌሽናሎቹን ነገር ቶሎ ልለፈው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በኮርስ (የአስፋልት መንገድ ሳይክል) ውድድር ላይ ዲስክን በይፋ የፈቀደው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ፣ በ2019፣ ኤጋን በርናል ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በቸርኬ ፍሬን ነው። ዛሬ ትልልቆቹ ቡድኖች የዘይት ዲስክ ላይ መሆናቸው አያከራክርም። ግን ከኋላቸው ጣሪያው ላይ ተጨማሪ ሳይክል የጫነ መኪና፣ መኪናው ውስጥ ደግሞ መካኒክ አለ። ከሐረር ወደ ድሬ ሲወርድ አዴሌ ላይ ፍሬኑ ለተበላሸበት ሰው የሚደርስለት ሚኒባስ ነው፤ እሱም ቦታ ካለው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ የካቦ ፍሬን ደንገጎ ላይ አይዝም ወደሚለው። ቁልቁለቱን አቅልዬ አላየውም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ። መንገዱ ያን ሁሉ የሚወርደው እየተጠማዘዘ ነው። ጫት የጫነ ኢሱዙ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ሳይክሉ መያዝ አለበት፣ ወሬ የለም። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሲቃረብ ደግሞ በእግሩ የሚጓዘው ምእመንና አውቶቡሱ መንገዱን ይሞሉታል። ስለዚህ የፍሬን ጉዳይ እዚህ የቅንጦት ወሬ አይደለም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

ሂሳቡን ግን እንሥራው። ሰውዬው ከነሳይክሉ 80 ኪሎ ይሁን። 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ከ620 ኪሎ ጁል በላይ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ያለ ሁለት ሊትር ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ቀሪው ሁለት ስስ ዲስኮች ላይ ያርፋል። ይህን ሙቀት የሚችለው ዲስኩና ሸራው ነው። ዲስኩ ደግሞ የሚገፋው በካቦ ይሁን በዘይት ለውጥ የለውም፤ ያው ብረት፣ ያው ሸራ። ካቦም ዘይትም የእጃችሁን ጉልበት አድራሾች ናቸው። እንዲያውም ከመጠን በላይ ሲግል የሚፈላ ነገር የያዘው የዘይቱ ፍሬን ነው።

ሙቀቱን የሚወስነው አወራረዱም ነው። ከላይ እስከ ታች ሁለቱንም ፍሬን በትንሹ ይዞ መውረድ ልማድ ሆኗል። እንዲህ ሲሆን ነፋሱ የሚወስደው ያንሳል፣ ዲስኩም የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አያገኝም። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፤ ዲስኩ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ይተነፍሳል። ይህ ለሁለቱም ዓይነት ፍሬን ይሠራል።

ታዲያ የካቦ ዲስክ «አይዝም» የሚባለው ከየት መጣ? ስሙ ያለ ምክንያት አልጠፋም። በኔ ግምት ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ሦስቱም ከአገጣጠም የሚመጡ።

የመጀመሪያው የካቦው ሽፋን ነው። የተለመደው ሽፋን ውስጡ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሽቦ ነው። እጀታውን ስትጨብጡ ጥቅሉ ይጨመቃል፣ ከጉልበታችሁ ከፊሉ ካሊፐሩ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። የኋላው ረጅም ስለሆነ ይብሳል። ሽቦዎቹ በቁመት የተደረደሩበትና በላዩ የተጠናከረ፣ ለፍሬን ተብሎ የተሠራ ሽፋን አለ። እሱ አይጨመቅም። ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የማርሽ ካቦ ሽፋንም ሽቦው በቁመት የተደረደረ ነው፣ ለፍሬን ጉልበት ግን አልተሠራም። አጥብቃችሁ ስትይዙ ሊፈነዳ ይችላል። የማርሽ ሽፋን ፍሬን ላይ በጭራሽ አይግባ።

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር አንድ ወዳጄ የገጣጠመው ሳይክል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እጀታው እስከ መሪው ድረስ ይመጣል፣ የኋላ ጎማ ግን አይቆምም። ካሊፐሩን ሊጥለው ወስኖ ነበር። ሽፋኑን አውጥተን ጫፉን አየነው። በፒንሳ ነው የተቆረጠው። ውስጡ ያለው ነጭ ላስቲክ ተጨፍልቆ ካቦውን አንቆታል፣ የሽቦው ጫፍ አንድ ወገኑ ሹል ሆኖ መቀመጫው ውስጥ ተንጋዷል። እጀታውን በጨበጠ ቁጥር ሽፋኑ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይንሸራተት ነበር። ሽፋኑ ተቀየረ፣ ጫፎቹ በሞረድ ቀጥ ተደረጉ፣ የላስቲኩ አፍ በመርፌ ተከፈተ። ካሊፐሩን ማንም አልነካውም። አሁን የኋላው ጎማ በሁለት ጣት ይቆለፋል።

ሁለተኛው የእጀታና የካሊፐር አለመጣጣም ነው። የኮርስ እጀታ የሚስበው የካቦ ርዝመት አጭር ነው፣ የማውንቴን ሳይክል ቀጥ ያለ መሪ ላይ ያለው ረጅም ይስባል። ካሊፐሮችም በዚያው ልክ የኮርስና የማውንቴን ተብለው ይሠራሉ። የኮርስ እጀታ ከማውንቴን ካሊፐር ጋር ከተጋባ እጀታው መሪው ላይ ይጋጫል። በተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ እጀታው ደረቅ ይላል፣ ሰው «ጠንካራ ነው» ብሎ ይደሰታል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም። የሁለተኛው አደጋ የሚበልጠው ስለማያስታውቅ ነው። ከአንድ ሰፈር እጀታ፣ ከሌላ ሰፈር ካሊፐር የሚገዛ ልጅ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው።

ሦስተኛው በአንድ በኩል ብቻ የሚገፋ ካሊፐር ነው። የውጭው ሸራ ዲስኩን እያጎበጠ ከውስጠኛው ጋር ያጣብቀዋል። በደንብ ከተስተካከለ ይሠራል፣ ግን ሁለቱም ሸራ ሲሳሳ በእጅ ማጠጋጋት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው። ሁለቱም ሸራ እኩል የሚንቀሳቀስበት፣ እንደ ቲአርፒ ኩባንያ ስፓየር ያለ ካሊፐር ይህን ጣጣ በብዙ ይቀንሳል። ማስተካከሉ ግን አይቀርም፤ ሸራው 0.5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ደግሞ ይቀየራል።

መሃል ላይ ያለም አማራጭ አለ፣ ጸሐፊው ጨርሶ አላነሡትም። ካቦው እስከ ካሊፐሩ ይሄዳል፣ ዘይቱ ያለው ካሊፐሩ ውስጥ ብቻ ነው። የቲአርፒ ሃይ-አርዲ እንዲህ ያለ ነው። ረጅም ቱቦ የለም፣ እጀታ ውስጥ ዘይት የለም፣ ያላችሁን የካቦ እጀታ ሳትቀይሩ ትገጥሙታላችሁ።

እጀታ መቀየር የሚለውን ላስምርበት፤ የጽሑፉ የገንዘብ ሂሳብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የኮርስ ሳይክል ላይ የፍሬኑና የማርሹ እጀታ አንድ አካል ነው። «የዘይት ፍሬን ግጠም» ማለት ማርሽ መቀየሪያውንም ቀይር ማለት ነው። ለበጀት ግጥሚያ ብዙ ሰው የሚይዛቸው የሺማኖ ኩባንያ ክላሪስ አር2000 እና ሶራ አር3000 እጀታዎች የተሠሩት ለካቦ ብቻ ነው። እጀታው ሲቀየር የማርሹ ቁጥር ሊቀየር ነው፣ ቁጥሩ ሲቀየር የኋላ ማርሹና ካቴናው ይከተላል። ጸሐፊው የቆጠሩት የካሊፐሮቹን ዋጋ ብቻ ነው። ያ ገንዘብ ለጥሩ ጎማ፣ ለጥሩ ካቦ ሽፋንና ለትርፍ ሸራ ቢውል ሳይክሉ በተሻለ ይቆማል።

«ገጥሞ መርሳት» የሚለውን እንይ። ጥሩ የዘይት ፍሬን በደንብ ከተገጠመ ረጅም ጊዜ ሳይነካ ሊሠራ ይችላል፣ እሺ። ግን መገጠሙ ራሱ ቀላል አይደለም። ቱቦው በልክ ይቆረጣል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የነሐስ ቀለበትና ውስጥ የሚገባ ቧንቧ ይገጠምለታል፣ ሲጠብቅ ቀለበቷ ተጨምቃ ትዘጋለች። አንዴ ከተጨመቀች ዳግመኛ አታገለግልም። ቱቦው በተፈታ ቁጥር አዲስ ያስፈልጋል። ከዚያ አየሩ በሲሪንጅና በልኩ በተሠራ ማስገቢያ ይወጣል። እነዚህን ጥቃቅን ዕቃዎች ድሬ ላይ ከሱቅ ዘው ብሎ የሚገዛ ሰው ካለ ደስ ይለኛል፤ አብዛኞቻችን ግን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ነው የምናስመጣው።

ጉዞም አለ። ሳይክል ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲጫን ጎማው ይወልቃል። ከዚያ አንድ ሰው፣ ወይም ገመዱ ራሱ፣ እጀታውን ይጨብጠዋል። በመሃል ዲስክ ስለሌለ ፒስቶኖቹ ወጥተው ሸራዎቹ ይጋጠማሉ። ሐረር ደርሳችሁ ሸዋ በር ላይ ስትወርዱ ጎማው አይገባም። ለዘይት ፍሬን ባለቤት ቀላሉ መላ፣ ጎማውን ሲያወልቅ በሸራዎቹ መካከል ዲስኩን የሚያህል ፕላስቲክ ወይም የታጠፈ ካርቶን ማስገባት ነው። ሳይክሉ ተገልብጦ ከዋለም እጀታው ውስጥ ያለው አየር ወደ ቱቦው ሊሾልክ ይችላል፤ ሲቀና ጥቂት ጊዜ ጨብጦ መፈተሽ እንጂ ዝም ብሎ ቁልቁለት መግባት አይገባም።

ካቦ ሲበጠስ ግን መንገድ ዳር ይቀየራል። ትርፍ ካቦ ከመቀመጫ ሥር በምትታሰር ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። አንድ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይበቃል። ካቦ ማንኛውም ሳይክል ጠጋኝ ጋ አለ። አንድ ነገር ብቻ ይታወቅ፤ የኮርስ እጀታ የሚቀበለው የካቦ ራስ ከማውንቴኑ ይለያል። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን አደገኛ ወዳልኩት ልምጣ። «ማንኛውም የመኪና ፍሬን ዘይት ይሆናል።» አይሆንም። የሳይክል ፍሬን ዘይት ሁለት የማይታረቁ ዓይነቶች አሉት። ሺማኖ፣ ቴክትሮና ማጉራ የተባሉት ፍሬን ሠሪዎች የሚጠቀሙት የማዕድን ዘይት ነው። አብዛኞቹ የስራም (SRAM) ኩባንያ ፍሬኖች ደግሞ ዶት የሚባለውን ነው። ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያም ሆነ ከየትኛውም የመኪና ዕቃ መሸጫ የምትገዙት በአብዛኛው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ይህን ሺማኖ ካሊፐር ውስጥ ብትጨምሩት የውስጡ ጎሚኒ አይችለውም፤ ያብጣል፣ ይላላል። መጀመሪያ ፒስቶኑ መመለስ ይተዋል፣ ቀጥሎ ያፈስሳል። መጥፎነቱ በዕለቱ አለመታወቁ ነው። ግቢ ውስጥ ስትሞክሩት ይይዛል፣ ከቀናት በኋላ ግን እጀታው ባዶ ይገባል። በተገላቢጦሽም የዶት ፍሬን ውስጥ የማዕድን ዘይት ቢገባ ጎሚኒው ያው ነው የሚሆነው። አንዴ ከተሳሳተ በኋላ ዘይቱን አፍስሶ መተካት አያድንም፤ ጎሚኒ ያለበት ዕቃ ሁሉ መቀየር አለበት። የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ብዙ ጊዜ እጀታው ክዳን ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈ የሠሪውን መመሪያ እዩ። በግምት አትሙሉ።

ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። ፍሬናችሁ በእርግጥ የዶት ከሆነ፣ ያልተከፈተ ጠርሙስ የመኪና ዶት 4 ወይም 5.1 ይሠራል፣ ሠሪው የፈቀደውን ቁጥር እስካከበራችሁ ድረስ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ፣ ስሙ ቢቀራረብም፣ አይገባም። «ያልተከፈተ» ያልኩትም ለምክንያት ነው። ዶት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 155 ዲግሪ ነው። መካኒክ ጋ ለወራት ግማሽ ሆኖ የቆመ ጠርሙስ ለደንገጎ አይታመንም። ቀለምም ይልጣል። ካርቦን ፍሬማችሁ ላይ ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

ጩኸቱና መታከኩ ላይ ደግሞ ጸሐፊው ውዱን ካሊፐር ግዙ ብለው አልፈዋል። በርካሽ የካርቦን ፍሬም ላይ ውዱም ይጮሃል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ካሊፐሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ፍሬሙን ገልብጣችሁ የኋላውን መቀመጫ በብርሃን እዩት። ቀለሙ በቀዳዳው ዙሪያ ጠብ ብሎ ደርቆ እንደ ጉብታ ቆሞ ታገኛላችሁ፣ ወይም አንዱ ዳር ከሌላው ከፍ ይላል። ብሎኑ ሲላላ ካሊፐሩ ከዲስኩ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብሎኑ ሲጠብቅ ጉብታው ያዘነብለዋል፣ አንዱ ሸራ ይታከካል። ሰው ደግሞ ደጋግሞ እየፈታ እየገጠመ ይበሳጫል፣ በመጨረሻም ካሊፐሩን ይረግማል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ላይ የተለጠፈ ስስ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ አስነክቶ የቀለሙን ጉብታ ብቻ ማስተካከል ነው። ጥቁር አቧራ ማየት ስትጀምሩ አቁሙ፣ ካርቦኑ ጋ ደርሳችኋል። ክሩ መነካት የለበትም። የካርቦን ብናኝ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። መቀመጫው ከዚያም በላይ የተጣመመ ከሆነ ፍሬሙን ለሻጩ ፎቶ አንስቶ መላክ እንጂ እዚህ መሞረድ አይገባም።

ከዚያ ብሎኑን ለኩ። የኋላው ካሊፐር የሚታሰረው የፍሬሙን ቧንቧ ከሥር ወደ ላይ ዘልቆ በሚያልፍ ብሎን ነው። ሺማኖ የሚያዘው ርዝመት የፍሬሙ ውፍረት ሲደመር 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውፍረቱ 10 ሚሊ ከሆነ 23፣ 20 ከሆነ 33። ከቻይና የሚመጣው ፍሬም ትክክለኛውን ብሎን ይዞ ይመጣል ብላችሁ አትተማመኑ። ካጠረ ጥርሱ ጥቂት ብቻ ይይዝና ይላጫል። ከረዘመ መጨረሻው ላይ ይመታና የጠበቀ ይመስላል፣ ካሊፐሩ ግን አልተጨበጠም፤ ፍሬን ስትይዙ ይነቃነቃል፣ ይጮሃል። ማጥበቂያው ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ነው። የኃይል መለኪያ ቁልፍ የሌለው ሰው ካርቦን ሳይክል ከመገጣጠሙ በፊት ይግዛ ወይም ይዋስ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ማስተካከሉ ላይ ደግሞ ሁለቱን ብሎኖች አላልታችሁ፣ እጀታውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ፣ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። ከካሊፐሩ ኋላ ነጭ ወረቀት ያዙና በዲስኩ ግራና ቀኝ እኩል ነጭ መስመር እስኪታይ አስተካክሉ። ዲስኩ ሲዞር በአንድ ቦታ ብቻ የሚታከክ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል፤ በንጹሕ ቁልፍ ቀስ ብሎ ይቃናል። መሪውን ስታጋድሉ ብቻ የሚታከክ ከሆነ የጎማውን ዘንግ ጥብቀትና ኩሽኔታውን እዩ።

ጩኸት ሲሆን ደግሞ ቅባት ጠርጥሩ። እኛ ጋ ሳይክል በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ተጠርጎ ካቴናው ላይ ዘይት ይረጫል። ጥቂት ጠብታ ዲስኩ ላይ ካረፈች ሸራው ይጠጣታል። ዲስኩን በፋርማሲ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ አጽዱት። ሸራው በቀላሉ የነካው ከሆነ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ማንሣት ይረዳል፤ በደንብ ከጠጣ ግን መቀየር ነው። አዲስ ሸራ ደግሞ መለማመድ ይፈልጋል። እሑድ ጠዋት የድሬዳዋዋ ከዚራ ሰፈር መኪና ሳይበዛባት ውጡ፤ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረሱና ሳትቆሙ እስከ እግር ፍጥነት ቀንሱ፣ ልቀቁ፣ ድገሙ። በእያንዳንዱ ፍሬን ሃያ ጊዜ ያህል። ሸራው በዲስኩ ላይ ስስ ንብርብር የሚያኖረው እንዲህ ነው፣ መያዝ የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ሸራ ገጥሞ በቀጥታ ወደ ደንገጎ የሚወጣ ሰው ሲመለስ «የካቦ ፍሬን አይዝም» ቢል አይገርመኝም።

ውስጥ ለውስጥ የሚያልፈው ፍሬም ያምራል፣ እውነት ነው። ሥራው ግን ያው አይደለም። ካቦ በመሪውና በመሪው አንገት ውስጥ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ በጠባብ ይታጠፋል፣ በታጠፈ ቁጥር ይታሻል፤ ለካቦ ፍሬን ከዚህ የባሰ የለም። በዘይት ከሆነ ማለፉ ችግር የለውም፣ ግን የላይኛውን የመሪ ኩሽኔታ ለመቀየር ብዙውን ጊዜ ቱቦው መፈታት አለበት። ቱቦ ተፈታ ማለት ቀለበት፣ ዘይት፣ አየር ማስወጣት። የድሬ አቧራና የነጂው ላብ የሚያጠቁት ደግሞ ያንኑ ኩሽኔታ ነው። ለበጀት ሥራ ካቦው በታችኛው ቧንቧ ጎን የሚገባበት ፍሬም ይሻላል። መሪ መቀየር፣ ማሳጠር፣ ማሸግ ሁሉ ይቀላል።

180 ዲስክን በተመለከተ፦ ፎርቼላችሁ (የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ) ስንት እንደሚፈቅድ አንብቡ። ብዙዎቹ የኮርስ ፎርቼላዎች የሚሠሩት ለ140ና ለ160 ነው። ከዚያ በላይ ማስቀመጥ ሠሪው ያልፈተነውን ነገር ካርቦን ላይ መሞከር ነው። በ28 ሚሊ ጎማ ደግሞ ቀድሞ የሚያልቀው የጎማው መሬት መቆንጠጥ ነው። ፊት 160 ይበቃል። የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ 1.5 ሲደርስ ይቀየራል። ከትልቅነቱ ይልቅ ይህን ለኩ።

የዘይቱን ፍሬን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አትሽጡት፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ትክክለኛውን ዘይት አንድ ጠርሙስ፣ ማስገቢያውን፣ ትርፍ ቀለበትና ቧንቧ፣ አንድ ጥንድ ሸራ አሁኑኑ አብራችሁ አስመጡ። ፍሬኑ ሲበላሽ ማፈላለግ ከጀመራችሁ ሳይክሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። በሌላው ሁሉ ልንለያይ እንችላለን፣ የዘይቱን አንቀጽ ግን ያርሙት። ጽሑፉን ለጓደኛ ያስተላለፋችሁም ያቺን አንቀጽ ነጥላችሁ «ይህ ስሕተት ነው፣ መጀመሪያ እጀታህ ላይ የተጻፈውን አንብብ» ብላችሁ መልሳችሁ ላኩለት።